ሊማሊሞ ላይ የቆመው ድርብ ሰፌድ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ታከለ ነኝ፤ ደባርቅ ከተማ ውስጥ በር፣ መስኮትና አግዳሚ ወንበር የምሠራ አናጢ። ሁለተኛዋ ልጄ ዝናሽ ናት፤ ያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ሦስተኛው ሰይድ ነው፤ ከቤቴ ፊት ለፊት ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ጎረቤቴ። አራተኛው የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ፍስሐ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የጦር መኪኖች በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ በብዛት በሚወርዱበት ሰሞን፣ በኅዳር ወር ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን ስላቃተኝ ነው።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ደመናንም ያጠናሁት እንዲሁ በራሴ ነው። ጣውላ የማደርቀው ደጅ ላይ አስጥቼ ስለሆነ ዝናብና ነፋስን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ለየደመናው ስም አወጣሁለት። ከመላጊያ እንደሚወጣ ልጣጭ ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ የሚታየው «ልጣጭ» ነው። ተራራው አናት ላይ ገጥሞ የሚቀመጠው «ቆብ» ነው። ከተራራው ከፍ ብሎ፣ ዙሪያው ክብ ሆኖ፣ ነፋሱ እየነፈሰ እሱ ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚቆመው «ሰፌድ» ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ «ድርብ ሰፌድ» እንለዋለን፤ ይህ ቶሎ ቶሎ አይታይም። ዝናሽ ስሞቹን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ሁልጊዜ ግን ትከራከረኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆና ተጣራች።

«አባዬ፣ ድርብ ሰፌድ ሊማሊሞ ላይ ቆሟል። ንቅንቅ አይልም።»

የተቆጣኋት በመጮኋ ነበር። ልጅ መንገድ ላይ ድምፁን ከፍ ማድረግ የለበትም፤ ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ያየሁት ሱቁ በር ላይ የተቀመጠውን ሰይድን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ዝናሽን ወሰዷት። ተከትዬ ቀበሌ ስደርስ ጓድ ፍስሐ አስገባኝ።

«ድርብ ሰፌድ ማለት ስንት መኪና ነው?» አለኝ።

«ደመና ነው ጓድ።»

«ደመና ይቆማል እንዴ? እኛ የምናውቀው ደመና ይሄዳል።»

«ይኼኛው ይቆማል። ማነው የነገረዎት?»

«ጆሮ ያለው ሰው» አለና ወረቀቱን ሰበሰበ። «የሚቆም ደመና ካለ አሳየኝ። እስከ ዓርብ ካላሳየኸኝ ልጅህ ወደ ጎንደር ትሄዳለች።»

ወደ ጎንደር የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸው ስንቅ ይዘው ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን ስንቁን እንደያዙ ይመለሳሉ፤ ከዚያ በኋላ አይሄዱም።

ዝናሽን የቆለፉባት የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ነው። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥሩ ጣውላ እንደሆነና በትከሻ እንደማይሰበር አውቅ ነበር።

ማክሰኞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ረቡዕም እንደዚያው። መንገድ ዳር ቆሜ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ የሚያውቁኝ ሰዎች በሌላ በኩል ዞረው ያልፉ ጀመር። እኔም እያንዳንዳቸውን «አንተ ትሆን? አንቺ ትሆኚ?» እያልኩ በልቤ መረመርኩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰይድ ሱቁን ዘግቶ መጣ።

«አያ ታከለ፣ ዋስ የሚጠይቁ ከሆነ እኔ አለሁ» አለኝ።

«አንተ? ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ እንዴ? ጎረቤትህ አይደለሁ?»

ፊቱን አየሁት። እሱም አየኝ።

«ሲጠይቁህ ልጅቱ ያለችውን በል» አለኝ። «እንደ ልማድህ እንዳትከራከር።»

«ምን እንዳለች በምን አወቅህ?»

ዓይኑን ከእኔ ወደ ሱቁ አዞረ። «አገር የሰማው አይደል እንዴ» አለና ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ከሊማሊሞ በላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ፤ ቆየና ተደረበ። እየሮጥኩ ቀበሌ ገባሁ። ሰይድም ከኋላዬ መጣ። ጓድ ፍስሐ እኔን በር ላይ አቁሞ መጀመሪያ ዝናሽን አስወጣት፤ ደመናውን አሳይቶ ስሙን በጆሮው እንድትነግረው አደረገ። ከዚያ እኔን ጠራኝ።

«ያ ምንድን ነው?»

የሚያድናት መልስ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ቀና ብዬ አየሁ። የታችኛው ጠርዝ ገደሉ ላይ ተቀምጧል።

«ቆብ ነው» አልኩ።

ሰይድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ልጅህ ድርብ ሰፌድ ነው ብላለች» አለ ጓድ ፍስሐ።

«ተሳስታለች። ሰፌድ ተራራ አይነካም።»

«አልነካም እኮ አባዬ» አለች ዝናሽ፤ ሦስት ቀን መጋዘን ውስጥ የከረመች አትመስልም ነበር። «በሥሩ ሰማይ ይታያል።»

«የምታዪው ሰማይ አይደለም፤ ገደል ነው።»

«ዓይንዎ ደክሟል። ባለፈውም ልጣጩን ጭስ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ጭስ ነበራ። ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ነበሩ።»

ከጥበቃዎቹ አንዱ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ቀና አለ። «እውነቷን ነው፤ አልነካም» አለ። ጓደኛው «ዕውር ነህ እንዴ? ተጣብቆ የለ?» አለው። እነሱም መከራከር ጀመሩ። ደመናው ግን ነፋሱ እየነፈሰ ከቦታው አልተነሣም።

ጓድ ፍስሐ ሁላችንንም ሲያይ ቆየ። «በምስጢር የሚግባባ ሰው ቢያንስ ይግባባል» አለ። «እናንተ በምን ትግባባላችሁ?»

ዝናሽን በሰይድ ዋስትና ለቀቃት። ሁለተኛ የደመና ስም በአደባባይ እንዳንጠራም አዘዘን። ቤት እስክንደርስ ሁለታችንም ወደ ላይ አላየንም።

ለቀበሌ የጠቆመብን ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሰይድ ዋስ በመሆኑ በየሳምንቱ ቀበሌ እየቀረበ ከከተማ እንዳልወጣን ይናገር ነበር። ይህን ያደረገው በደግነት ነው ወይስ ኅሊናው ወቅሶት? ብጠይቀው ይመልስልኝ ነበር። አልጠየቅሁትም፤ ሰላምታዬን ብቻ አሳጠርኩበት። በመጨረሻ ሱቁን ሸጦ ወደ ድብ ባሕር ሊሄድ ዕቃውን ሲጭን መጣ። «አያ ታከለ፣ ምን በድዬህ ነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ውሸት የማልወድ ሰው ነኝ፤ ይህ ግን ውሸት ነው ወይስ እውነት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የሁላችንንም ሒሳብ ብዙ ጊዜ ደምሬዋለሁ። ጓድ ፍስሐ ብዙ ሳይቆይ ከቦታው ተነሣ፤ እኛን በመልቀቁ ነው ይባላል። ሰይድ የኖረበትን ሰፈር ለቀቀ። እኔ ከሱ የተሻለ ጎረቤት አላገኘሁም፤ ምናልባትም ከሱ የባሰ። ዝናሽ ዛሬ ዳባት ውስጥ አስተማሪ ናት። ስለ ደመና የምታስተምረው ከመጽሐፍ ነው፤ ተማሪዎቿን ደጅ አታወጣቸውም።

ባለፈው ኅዳር ልትጠይቀኝ መጥታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሊማሊሞ ላይ ድርብ ሰፌድ ቆመ። በዚህኛው ክርክር አያስፈልግም፤ በሥሩ ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል። እሷም አየችው፤ እኔም አየሁት።

«ነፋስ ሊመጣ ነው» አለችኝ።

«ጣውላውን እናስገባ» አልኳት።