ያሳጠርኳት ሞላ

ከአርባ ምንጭ ልወጣ በዋዜማው ያደረግሁትን ሳስብ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። ሌላው ሰው ሊሄድ ሲል ተቀምጦ ይመረቃል፤ እኔ ሲቀላ ሰፈር፣ ታናሽ ወንድሜ ዘለቀ ግቢ፣ የቤት መኪናው ሥር ተጋድሜ ነበር። የኋላ ጎማው ዘይት ያንጠባጥባል። ዘይቱን የምታግደው የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲል የምንላት፣ አርጅታለች። ከተማውን ዞርኩ፣ አዲስ አጣሁ። እንዲህ ሲቸግረን የምናደርጋት ነገር አለች፤ በቀለበቷ ዙሪያ ያለችውን ቀጭን ሞላ አውጥተን ቆረጥ እናደርግና እንመልሳታለን፤ ቀለበቷ ዘንጉን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። እንደዚያው አደረግሁ።

«አዲስ ገባላት ጋሼ?» አለኝ ዘለቀ።

«አዲስ ናት» አልኩት። ሠላሳ ዓመት መካኒክ ተብዬ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ አጣሁ ማለት ከበደኝ።

ሞያሌ ላይ ወረቀቴን የሚያየው ሰውዬ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን ሊሠሩ ነው?» አለኝ።

«መኪና ልጠግን።»

«እኛ አገር መኪና ጠፋ?»

«መኪናስ ሞልቷል ልጄ፤ የጠፋው መለዋወጫው ነው።»

ሳቀና ማህተሙን መታልኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ናይሮቢ የእህቴ ልጅ ታምሩ ጋራዥ ገባሁ። ምን ልበላችሁ፣ ብርዱ የደጋችን የጨንቻ ነው፤ ሙዙ የሰፈራችንን የላንቴን አያክልም፤ ኡጋሊ የሚሉት ገንፏቸው ቅቤ የለው ሚጥሚጣ። ሰዉ ግን ደግ ነው፣ ምዜ ይለኛል፤ ሽማግሌ ማለት ነው።

አንድ ቀን ታምሩ ሞላ ሳሳጥር አየኝ። የተበላ ዘንግ አምጥቶ በጥፍሬ አስዳሰሰኝ፤ ቀለበቷ የታከከችበት ጎድጉዷል።

«አጎቴ፣ ለጊዜው ትይዛለች። ከዚያ የቀለበቷ ጎማ ይቃጠላል፣ ብረቱን ይበላል፣ ዘይቱ ፍሬን ሸራው ላይ ይፈሳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብትረግጥ ምን ይይዝልሃል?»

ዘለቀ በየእሁዱ ልጆቹን ጭኖ አማቱ ዘንድ ጨንቻ ይወጣል። ከተራራው አናት እስከ አርባ ምንጭ ያለውን ያንን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ።

ሦስት ቀን ስልኩን እያነሳሁ አስቀመጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት ደወልኩ።

«መኪናዋን እንዳታንቀሳቅሳት።»

«ምነው ጋሼ? ነገ ጨንቻ ነን እኮ!»

«ያቺ ቀለበት አዲስ አልነበረችም። አሮጌዋን ነው ሞላዋን ቆርጬ የመለስኳት።»

ከጀርባው ልጆቹ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

«ልጆቼን ጭኜባት እኮ ነው የምመላለሰው» አለ ቀስ ብሎ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«ይቅርታ በስልክ ነው እንዴ? እርጥብ ሳርህን ይዘህ ና!» ዘጋው።

እኛ ጋሞዎች የበደልነውን ሰው እርጥብ ሳር ይዘን፣ ተንበርክከን ነው የምንለምነው። ታላቅ ብሆንም ለታናሼ እንበረከክ ነበር፤ አጠገቡ ብሆን።

አዲሷን ቀለበት ወደ ሞያሌ በሚወርድ ሰው ላክሁ። ደርሳ ተገጠመች ብላ የዘለቀ ሚስት ነገረችኝ። እሱ ስልኬን አያነሳም። ጋራዡ ደጃፍ ሳር አለ፤ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ሳሩን ግን በሰው እጅ አይልኩት።