በእርሳስ የተጻፈ እርማት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልተናገርኩም፤ የሆዴን ሁሉ ለምነግራት እህቴም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይተሳሰራል። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ የለም አልኩ። አለ እንጂ። ረድኤት የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ «ሌባ ነች» ብዬ ከትምህርት ቤት አስባርሬያለሁ። አልሰረቀችም። አለመስረቋን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ያኔ ከኮተቤ በእንግሊዝኛ መምህርነት ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከአጥሩ ጀርባ የሚጀምርበት አንድ የግል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከታች ሌላ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ተማሪ እየወሰደብን ስለነበር ዳይሬክተሯ ስብሰባ ጠርተው «ከመጪው ዓመት ጀምሮ ስፓኒሽ እንሰጣለን፤ ባነሩ ታዟል» አሉን። ባነሩ ታዟል፣ አስተማሪ ግን የለም። ከእንግሊዝኛ መምህራን አንዱ እንደሚቀነስ ሁላችንም ሰምተናል፤ የመጨረሻዋ ተቀጣሪ ደግሞ እኔ ነኝ። እጄን አወጣሁ። ስልኬ ላይ ሦስት ወር የተማርኩት ነገር ነበረኝ፤ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ቀለማት። «ትችያለሽ?» አሉኝ። «በደንብ!» አልኩ። እስቲ አሁን «በደንብ»ን ምን አመጣው? «ትንሽ ትንሽ» ብል ምን እሆን ነበር?

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የሸመደድኩትን ሦስት ሰዓት ላይ ለአራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹን የምቀድማቸው በአንድ ገጽ ነበር። እኔ አንዴ እላለሁ፣ እነሱ ሦስቴ ይጮሃሉ፤ ድምፃቸው አጥር አልፎ ይሰማል፤ ዳይሬክተሯ በበሩ ሲያልፉ ፈገግ ይላሉ። ወላጆችም ልጆቻቸው ቤት ውስጥ ሲቆጥሩ በስልክ እየቀረጹ ይልኩልኝ ነበር። ማን ያርመኛል? በዚህ ሰፈር ስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ከወሰን ሰፈር መጣ። ጋሽ ታረቀኝ የረድኤት አባት ናቸው። ወሰን ጋራዥ አላቸው፤ የትምህርት ቤቱን ሰርቪስ የሚጠግኑት እሳቸው ስለሆኑ ልጃቸው በነጻ ትማራለች። በልጅነታቸው ኩባ ተልከው፣ እዚያ አድገው፣ መካኒክነት ተምረው የተመለሱ ሰው መሆናቸውን ግን አላውቅም ነበር። ካርድ የሚሰጥ ዕለት እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ክፍሌ ገቡና፣ ፊታቸው በርቶ፣ በስፓኒሽ ያወሩኝ ጀመር። ብዙ አወሩ። ለካ ያደጉበትን ቋንቋ ከልጃቸው በቀር የሚያወራቸው ሰው አጥተው ኖረዋል። እኔ አንድም ቃል አልያዝኩም። ያልጠራ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «ይቅርታ ጋሼ፣ አስቸኳይ ነው» ብዬ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩና ከግቢው መውጣታቸውን በመስኮት እስካይ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መፍራት ሆነ ሥራዬ። በር ሲንኳኳ እፈራለሁ። ሰርቪሱ ተበላሸ ሲባል እፈራለሁ፤ ሊጠግኑ ይመጣሉ ብዬ። ከሁሉ በላይ ግን ረድኤትን ፈራሁ። ሁለተኛው ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው። ስሳሳት ዓይኗን ወደ ደብተሯ ታወርዳለች። አንድ ቀን እንኳ እጇን አውጥታ «ሚስ፣ እንዲህ አይደለም» አላለችም። ልጅ አስተማሪው ሲሳሳት ደስ ይለው የለ? እሷ ግን ታፍርልኝ ነበር። ከሚስቅብኝ ልጅ ይልቅ ያቺ የምታፍርልኝ ልጅ እንቅልፍ ነሳችኝ።

የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ሳርም ወረቀቷ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ ባወጣኋቸው ጥያቄዎች ላይ ሦስት ቦታ፣ በእርሳስ፣ ፈዘዝ አድርጋ፣ የኔን ስህተት አርማልኛለች። በእርሳስ የጻፈችው አጥፍቼው ማንም እንዳያይብኝ ብላ ነው። ይህ ያኔም ገብቶኛል። ምን ብላ እያሰበችልኝ እንደሆነ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ላጲሱን አንስቼ ሦስቱንም አጠፋሁ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን የምታውቀውን በምን አጠፋዋለሁ? ነገ እሷ ለአባቷ፣ አባቷ ለዳይሬክተሯ፣ ዳይሬክተሯ ለወላጅ ሁሉ። እኔ ሃያ አምስት ዓመቴ፣ እሷ አሥር ዓመቷ፤ የፈራሁት ግን እኔ ነኝ። ወረቀቱን ይዤ ቢሮ ሄድኩና «ፈተናውን ቀድማ ከቦርሳዬ ወስዳ አባቷ ሠርተውላታል» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳይሬክተሯ ለልጅቷ ያዘንኩ መስሏቸው «አይዞሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ጋሽ ታረቀኝ ተጠሩ። የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ ነው የመጡት። ረድኤት አጠገባቸው ቆማ የሹራቧን ጫፍ ትጠቀልላለች። ዳይሬክተሯ የተባለውን ነገሯቸው። ልጅቷ «አልወሰድኩም» አለች፤ አንዴ ብቻ። አባቷ ወደ እሷ አልዞሩም፤ የሚያዩት እኔን ነው። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛውን እየነካ ያንኳኳ ነበር፤ ሳይሰሙት አልቀሩም። ከዚያ ዝግ ብለው በስፓኒሽ አንዲት አጭር ነገር አሉኝ።

«ኖ ቴንጋ ሚኤዶ፣ ማኤስትራ።»

«መምህርት» ከምትለዋ ከመጨረሻዋ ቃል በቀር ምንም አልገባኝም። ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞረው «ምን አሉሽ?» አሉ።

«ይቅርታ ጠየቁኝ» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም ልል ነበር። አውቃለሁ፤ ከፍርሃቴ ነው ያመጣሁት። ረድኤት «አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ» ብላ እጃቸውን ጎተተች። አንድ ቃል ቢናገሩ ያለቀልኝ እኔ ነበርኩ። ስፓኒሽ እንደማልችል ያኔ በስልክ አመካኝቼ የወጣሁ ዕለት ገብቷቸዋል። «ተይው ረድዬ፣ እንሂድ» አሏት። ቦርሳዋን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉና ይዘዋት ወጡ። ዳይሬክተሯ «እንግዲህ አምነዋል» ብለው ነጻ ትምህርቷን የሚሰርዘውን ደብዳቤ ጻፉ። እኔ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ መጽሐፉ ላይ አዲስ ምዕራፍ ደረስን። የዚያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ገጹን መጀመሪያ የገለጥኩት ክፍል ውስጥ ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ። የመጨረሻው ሥዕል ላይ አንድ ልጅ ከውሻ ይሸሻል፤ ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ፤ «ቴንጎ ሚኤዶ»፣ ፈራሁ። እኔ አንዴ አልኩ፣ እነሱ ሦስቴ ጮኹ። ሦስተኛው ላይ የጋሽ ታረቀኝ ድምፅ መጣብኝ።

«አይፍሩ፣ መምህርት» ነበር ያሉኝ። ልጃቸውን ሌባ ያደረግኋት እኔን፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ፣ አይፍሩ አሉኝ። እኔም ያንን «ይቅርታ ጠየቁኝ» ብዬ ተረጎምኩት። የረድኤት ቦታ ክፍት ነበር። ልጆቹ እንድቀጥል ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ያን ደቂቃ ቢሮ ገብቼ መናገር እችል ነበር፤ ደብዳቤው ገና አልቀዘቀዘም። ማን ያዘኝ? ማንም። ገጹን ገልጬ ቀጠልኩ።

ዛሬ ስፓኒሽ እውነትም እችላለሁ። በሌላ ትምህርት ቤት፣ ለሌሎች ልጆች አስተምራለሁ። እህቴ ወሰን ቤት ተከራይታ «ምን አድርጌሽ ነው የማትመጪው?» ትለኛለች። አንድ ቀን ጨክኜ ሄድኩ፤ እህቴ ቤት ሳይሆን ጋራዡ። ጋሽ ታረቀኝ መኪና ሥር ተኝተው እግራቸው ብቻ ይታያል። የምለውን በአማርኛም በስፓኒሽም አዘጋጅቼ ነበር። «ማነው?» አሉ ከሥር። «ተሳስቼ ነው የገባሁት» ብዬ ወጣሁ። ረድኤት የት እንዳለች እንኳ አልጠየቅኩም።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ልጅስ እሷ ነበረች። ፈርቼ ነው እንዳልልም አይፍሩ ተብያለሁ። አሁንም ግን እፈራለሁ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ሁለተኛው ዴስክ ላይ ነው። እዚያ የተቀመጠው ልጅ ዓይኑን ወደ ደብተሩ ካወረደ፣ በጠመኔ የጻፍኩትን ዞሬ እንደገና አነባለሁ።