ወይዘሮ ዝገት

በወርክሾፑ ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ሁሉም ወይዘሮ ዝገት ይሏታል። ባሏ በቆርቆሮ ላይ የድሮ ብስኩትና የሎሚናት ማስታወቂያ ይሥላል፤ እሷ ያንን ትኩስ ሥራ ታስረጀዋለች። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች፣ የምስማር ቀዳዳውን ጨውና ሆምጣጤ ታጠጣለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ታሳድራለች። ሲበቃው ቫርኒሽ ቀብታ ዝገቱን ባለበት ታቆመዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ገዢ ሲጠይቅ ባሏ፣ «የዛሬ ሥራ ነው፤ መልኩ ነው የድሮ» ይል ነበር። እውነቱን እየተናገረም ይሸጥለት ነበር።

እሱ ከሞተ ሰባት ሳምንት ሆነው። በእጁ ከሠራው ገና ሳታስረጀው የቀረ አንድ ብቻ ነው፤ «ባለ ሪባኗ ብስኩት» የሚል፣ ጉንጯ የሞላ ልጅ ብስኩት ስትገምጥ የሚያሳይ። እንዲደርቅ ግድግዳ ላይ አስደግፎት ወጣ፤ አልተመለሰም።

«ባለ ካፌው ያዘዛቸውን አራቱን ሊወስድ ዛሬ ይመጣል። ሦስቱ አልቀዋል፤ ያን ነገር አስረጂው» አላት ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም። ወርክሾፑ አሁን የእሱ ነው።

«ይኼን አላስረጅም። ሌላ ስጠኝ።»

«ሌላ ማን ሥሎልሽ? ሙት ተነስቶ ይሣል?»

«እሱን ለኔ ተወው አልኩህ።»

«ለኔም ወንድሜ ነበር። ግን እኔ የሚበላ አፍ አለኝ።»

«አንተማ አፍ ብቻ ነህ።»

ፊቱ ጠቆረ። ቆርቆሮውን ሲያነሳው በአንድ ጠርዝ ያዘችው፤ መነጨቃት፣ ጠርዙ መዳፏን ቆረጣት። «ማስረጀትም ሙያ ሆኖ ትኮሪብኛለሽ!» አለና በመዶሻ ልጅቷን ጉንጯ ላይ ሦስት ጊዜ መታት። ቶሎ እንዲዝግ ብሎ የባትሪ አሲድ ደፋበት። ወይዘሮ ዝገት መዳፏን በሽርጧ ጨብጣ አየችው። ዝገት ጉንጭ ላይ እንደማይጀምር አልነገረችውም።

ባለ ካፌው ከምሳ በፊት መጣ።

«አርባ ዓመት የሞላው ነው፣ ጌታዬ» አለ ዋርሳዋ። «ከተዘጋ ሱቅ ነው ያወጣነው።»

ሰውዬው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ የምስማር ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ። «ዝገት የሚነሳው ከዚህ ነው። ይኼ ቀዳዳው ንጹሕ ነው፤ ጉንጯ ግን አልቋል። በጥፊ ነው እንዴ ያረጀችው?»

ዋርሳዋ ብቻውን ሳቀ። «እሷን ይጠይቁ፣ ስናወጣው አብራኝ ነበረች። ንገሪያቸው እንጂ!»

ምን ማለት እንዳለባት ታውቃለች። የሱቁ ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ ጠብታው ጉንጯ ላይ ያርፍ ነበር ብትል ሰውዬው ያምናል፤ ቆርቆሮውም ካፌ ግድግዳ ላይ ማን እንደሣለው የማይታወቅ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

«ባሌ ነው የሣለው» አለች። «ከሞተ ሰባት ሳምንቱ ነው። ጉንጯን የመታት ደግሞ ይኼ ሰውዬ ነው፤ ዛሬ ጠዋት።»

ባለ ካፌው ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። «ያዘዝኳቸው አራቱም ይቅሩብኝ» አለና ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።

«ጉሮሮዬን ዘጋሽው!» ጮኸ ዋርሳዋ። «ወንድሜ ምንሽን አይቶ ነው ያገባሽ?»

«ዝም ማለቴን።»

«ውጪልኝ! ያንንም ተሸክመሽ ውጪ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!»

ሽርጧን ፈታች። ቆርቆሮውን ቧንቧ ሥር አቁማ አሲዱ እስኪለቅ ድረስ አጠበችው። የልጅቷ የግራ ጉንጭ ቀለም እስከ ዓይኗ ድረስ ተልጦ ወረደ። ፊደሎቹ ግን ደህና ነበሩ። ዋርሳዋ ውሃው ለምን ይፈስሳል እያለ ከኋላዋ ይሳደባል።

ፌርማታ ደርሳ ልትሳፈር ስትል፣ የአውቶቡሱ በር ላይ ረዳቱ እግሩን ዘረጋባት። «እናትዬ፣ ቆርቆሮ ይዘሽ አትገቢም። ሰው ይቆርጣል።»

«ቆሜ እይዘዋለሁ።»

«ወይ ጥለሽው ግቢ፣ ወይ መንገድ ልቀቂ! ሕዝቡን አታቁሚ!»

ከኋላዋ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዷ በክርኗ ገፋ አደረገቻት። ወይዘሮ ዝገት መንገድ ለቀቀች። ቆርቆሮውን ሥዕሉን ወደ ራሷ አዙራ በብብቷ አቀፈችውና፣ እስከ ቤቷ አምስት ፌርማታ የሚሆነውን መንገድ በእግሯ ተያያዘችው።