ነጠላ የለበሰችው ሴትዮ

ከጓደኛዬ ጋር ፊልም የምንለዋወጠው በፍላሽ ነው። እሷ ብቸና ታስተምራለች፣ እኔ ሞጣ። ፊልሙን ጭኜ በሚኒባስ ሹፌር እልክላታለሁ፤ አይታ ስትጨርስ ትደውልልኝና እንጨቃጨቃለን። አየሁት እያለ ታሪኩን የሚያምታታ ሰው ያናድደኛል፤ እሷ ግን ትንሿ ነገር እንኳን አታመልጣትም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ደወለች። የላኩላት ስለ መርከበኞች የተሠራ የውጭ ፊልም ነበር። የማብቂያው ሙዚቃ ከስልኩ ውስጥ ገና ይሰማል።

«ወድጄዋለሁ» አለች። «ግን ያቺ ነጠላ የለበሰች ሴትዮ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«የቷ ሴትዮ?»

«በጨለመ ቁጥር ጥግ ላይ ቆማ ዝም ብላ የምታየዋ።»

ተናደድኩ። በፈረንጅ መርከብ፣ ባሕር መሃል፣ ነጠላ ከየት ይመጣል? ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለች ሴት የለችበትም። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ስንከራከር ቆይተን ነገሩ ገባኝና ሳቅሁ።

«ፊልሙ ሲጨልም እኮ ስክሪኑ መስታወት ይሆናል፤ የሚያሳይሽ ከጀርባሽ ያለውን ነው። አከራይሽ ትሆናለች፣ በመስኮት እያጮለቀች።»

አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ክፍል መስኮት የለውም» አለች። «በሩንም ቆልፌ ነው የማየው።»

ቴሌቪዥኑን እንዳታጠፊው ልላት አፌን ስከፍት ሙዚቃው ቀጥ አለ። አጥፍታዋለች።