የግራ እግሬ ተራ

እርጅና ፊቴ ላይ ሲመጣ ዝም ብዬው ነበር። ፀጉሬ ሸበተ፣ ሻሽ አሰርኩበት። ዓይኔ ደከመ፣ መነፅር ገዛሁለት። ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዝኩትን ጠመኔ አስቀምጬ ጡረታ ስወጣም አላለቀስኩም። ቀኝ ጉልበቴ ሲከዳኝ ግን ተናደድኩ፤ የመጣብኝ በእንሰት በኩል ነዋ።

የማያውቅ ሰው እንሰት መፋቅ የእጅ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ የእግር ነው። መሬት ላይ ትቀመጫለሽ፤ ከግንዱ የተላጠውን እርጥብ ቅርፊት ዘንበል ብሎ የቆመ ሳንቃ ላይ ታስደግፊያለሽ፤ አንድ እግርሽን አንስተሽ በተረከዝሽ ትጫኚውና በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቂያለሽ። ለቆጮ የሚሆነው ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። ተረከዝሽ ከላላ ቅርፊቱ ይንሸራተታል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጫነው በቀኜ ነበር።

በመንደራችን በሀቢቾ ስምንት ሴቶች ሆነን በየተራ አንዳችን ለሌላችን እንፍቃለን። ባለፈው በጋ በአንዷ ጎረቤታችን ጓሮ እግሬን ሳነሳ ጉልበቴ መሃል ላይ ቀረ። ቅርፊቱ ተንሸራቶ አፈር ላይ ወደቀ። ከስምንታችን አንዷ፣ አጠገቤ ጎጆ ወጥታ የምትኖረው የልጄ ሚስት፣ ብድግ ብላ «እማዬ፣ እርስዎ ጥላ ስር ይቀመጡ፤ የእርስዎን እኛ እንፍቅልዎታለን» አለችኝ። ከልቧ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኛ ዘንድ የማትፍቅ ሴት ተራ የላትም። የሚፋቅላት የሌሎቹ ካለቀ በኋላ፣ ከታመሙትና ከአራሶቹ ጋር ተቆጥራ ነው። ያን ቀን ውስጤ እየበገነ ውሃ ሳቀብል ዋልኩ።

ሆሳዕና ሄጄ ታየሁ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሐኪም ራጁን ወደ መስኮት አንስቶ፣ በጉልበቴ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ አጥንት ተበልቶ እንዳለቀ፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ እንደሆነም በትህትና አስረዳኝ። ቅር እንዳይለኝ ብሎም ግራው ደህና ነው አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። በሚኒባስ ስመለስ ግራ ጉልበቴን በመዳፌ እየዳበስኩ፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲለግም የኖረ እግር ይዤ መዞሬ አሳቀኝ።

ሆኖም እግር ሲቀየር አቀማመጡም እጁም ይቀየራል። አንድ ወር ሙሉ ከቁርስ በኋላ የጓሮዬን በር ዘግቼ ተለማመድኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፍቄ ያበላሸሁትን ላሜ በላችው። እርሳስ መያዝ ያስተማርኳቸውን ልጆች ቀስ በሉ፣ ይመጣል እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው፤ ለራሴ ግን ያ ትዕግሥት አልነበረኝም፣ ግራ እጄን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። በአራተኛው ሳምንት እሺ አለኝ።

ቀጣዩ ደቦ ከስምንታችን በዕድሜ ታላቅ በሆነችው ቤት ነበር። ሰባን አልፋ ዛሬም ትፍቃለች፤ የሁላችንንም ቃጫ የምትመረምረው እሷ ናት፤ ቃጫው ላይ የቀረ ከምግቡ የጎደለ ነውና። የልጄ ሚስት ጥላ ስር በርጩማ አዘጋጅታልኝ ነበር። አልፌያት ሄጄ ሳንቃ ፊት ተቀመጥኩ፣ ግራ እግሬን አነሳሁ። ነገሬ ሁሉ ተገልብጦባት አንዷ ከኋላዬ ሳቀች። ፋቅሁ። ላቤ መነፅሬ ላይ ሲንጠባጠብ አውልቄ ጎኔ አስቀመጥኩትና ቀጠልኩ። ድርሻዬን ጨርሼ ቀና ስል የሚስቅ አልነበረም።

ታላቃችን ቃጫዬን ወደ ፀሐይ ዘርግታ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ዳበሰችው። የቀረበት ነገር የለም። በቀኜ ስፍቅ እንኳ እንዲህ ጠርቶልኝ አያውቅም፤ አልኮራሁም ብል ውሸት ነው። ቃጫውን ሰቀለችና ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ በሀዲይኛ ጠየቀች። የልጄ ሚስት «የእኔ ነው» አለች።

«ያንቺ ይቆያል» አለቻት ታላቃችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሐሙስ አንቺ ቤት ነን። ሳንቃሽን አዘጋጂ።»

የልጄ ሚስት በርጩማውን ከጥላው አንስታ አመጣችና ቀኝ እግሬን ቀስ አድርጋ አሳረፈችበት። አልከለከልኳትም። ጡረታ የወጣው እሱ ብቻ ነው።