ገለባ የወቀጥኩለት ውሻ

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ ሰማሁና ከምፈትለው ጥጥ ላይ እጄን አነሣሁ። ልጄ፣ አንቺን የበርበሬው ሽታ ብቻ አስነጥሶሽ ይሆናል። እኔ ግን ዘነዘናው በወደቀ ቁጥር ጎንበስ ብዬ እግሬ ሥር አያለሁ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ውሻዬን ቡላን እፈልገዋለሁ።

ያን ጊዜ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ከጋፋት ማዶ ባለ መንደር አዲስ ምራት ነበርኩ። ባሌን መድፍ ለሚሠሩት እንጨት እንዲያመላልስ ጋፋት ወስደውታል፤ ቤት የቀረነው አባቱ፣ እናቱና እኔ ነን። አንድ ቀን የባሌ አባት ወታደር ባቃጠለው የዘመድ መንደር ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ አንድ ቡላ ውሻ በገመድ እየጎተቱ መጡ። ከወደቀ ጎተራ ሥር ነው ያገኙት። የአንድ ጎኑ ጠጉር ተለብልቦ ሽታው ግቢውን ሞላው። ገመዱን ሲፈቱለት ከጭድ ክምሩ ሥር ገብቶ እዚያው ቀረ።

እጅ ሲነሣ መሬት ላይ ይለጠፋል። ከጋፋት መድፍ ሲሞከር ሽንቱን ይለቃል። ሙቀጫ ሲወቀጥ እንኳ አጥር ጥሶ ይጠፋል። የባሌ አባት “እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ታገሡት” ይሉ ነበር። የባሌ እናት ግን ምላሳቸው ሚጥሚጣ ነው። ጅብ ግልገል ወስዶ ውሻው ትንፍሽ ሳይል ባደረ ማግስት ቁርጡን ተናገሩ፦ “ውሻ በበላበት ይጮኻል! እስከ ፋሲካ ካልጮኸ ገደል አስጥለዋለሁ፤ እሱንም ጅቡ ይብላው።”

አለቀስኩ። ለውሻ ይለቀሳል ወይ ትይኝ ይሆናል። እኔም እኮ በዚያ ቤት ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር የምደነግጥ ነበርኩ፤ ማንም ልብ አላለኝም እንጂ።

ቂጣ ብብቴ ሥር ይዤ እውላለሁ፤ ላቤ ሲገባበት ቆርሼ እጥልለታለሁ። እናቴ ውሻ ሰው የሚለምደው እንዲህ ነው ትል ነበር። መጀመሪያ እኔ ስርቅ ነበር የሚበላው፤ ቆይቶ ፊቴን ሳዞር፤ ኋላ ከእጄ። ሙቀጫው ግን እንደ መድፉ አስፈራው። ስለዚህ ገለባ ሞላሁበት፤ ገለባ ላይ የወደቀ ዘነዘና ድምፁ እፍን ያለ ነው። አንድ ጊዜ እወቅጣለሁ፣ አንድ ቁራሽ እጥላለሁ። እየለመደ ሲሄድ ገለባውን እየቀነስኩ መጣሁ።

የባሌ እናት ደጃፍ ላይ ቆመው አዩኝ። “ጉድ ፈላ! የሰው ልጅ እህል የምትወቅጥ ያገባል፤ የኔው ገለባ የምትወቅጥ አመጣልኝ!” መንደሩ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ እውነታቸውን ነው።

ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ ባዶ ሙቀጫ ስወቅጥ ቡላ እግሬ ሥር ይተኛ ጀመር። መድፉ ሲያጓራም እየተንቀጠቀጠ ጎኑን እግሬ ላይ ይለጥፋል እንጂ አይሮጥም። በሆሣዕና ማግስት አንድ እንግዳ ከደጅ ሲጣራ ብድግ ብሎ ጮኸ። ወፍራም፣ ያልተገራ ድምፅ ነበረው፤ ራሱም የደነገጠ ይመስላል። የባሌ እናት ወጥተው አይተውት ተመለሱ። የፋሲካ ለት ግን ሥጋ ያልተለየው አጥንት ሲጥሉለት አየኋቸው። ከዚያ ወዲያ የግቢው ጠባቂ እሱ ሆነ፤ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም።

ኋላ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሊነሡ ነው ተባለና ሠራዊቱ ለስንቅ በየመንደሩ ይገባ ጀመር። እኛም አንድ ረፋድ ከብቱን ነድተን ከቤታችን በላይ ካለው ጫካ ተደበቅን። እንዳይጮኹ የጥጆቹን አፍ አሰርን። ቡላ ግን ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ይጮኻል። አፉን ብይዘው ታግሎ ያመልጠኛል። የባሌ አባት አንገታቸውን ደፉ።

“አንቺ ልጅ፣” አሉኝ የባሌ እናት በሹክሹክታ፣ “ወይ እሱ ወይ እኛ። አባሪው።”

ድንጋይ አነሣሁ። ጅራቱን ቆላልኝ። ወረወርኩ፤ ሳትኩት፤ ጨዋታ መስሎት ቀረበኝ። ሁለተኛው ድንጋይ ጎኑን አገኘው። ያኔ መሬት ላይ ተለጠፈና እንደ መጣ ሰሞን አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ።

ዱር የገባ መስሎን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ጩኸቱ ከታች፣ ከግቢያችን ተሰማ። ወታደሮቹ ደርሰው ኖሯል። ጠመንጃ ተተኮሰ። ደንግጦ ሮጠ፣ አመለጠ ብዬ እፎይ ልል ስል እንደገና ጮኸ፤ ተኩሱን ራሱን ጮኸበት። ከሁለተኛው ተኩስ በኋላ ዝም አለ።

ወታደሮቹ ጎተራውን ገልብጠው ሄዱ፤ ወደ ጫካው የወጣ አልነበረም። የባሌ እናት ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሲንሰቀሰቁ ሰማሁ።

“ምነው ልጄ፣” አሉኝ፣ “ጥቂት ፍርሃት ብትተዪለት ኖሮ!”

የወረወርኩበትን እጄን ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩ።