የሐጂ ኢስሃቅ ሞተርና ውሃ ቀጂዋ ሃሊሞ

ሃሊሞ ዋርፋ መጋላ ሰፈር ውስጥ ውሃ እየተሸከመች ትኖር ነበር። ባሏ ግመል ነጂ ነበር፤ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ታሞ ሞተና በድሪያ የምትባል ልጅ ትቶላት ሄደ። ያኔ ገና ወጣት ስለነበረች ዘመዶቿ ሌላ ባል እንድታገባ መከሯት። እሷ ግን ባዶ የላምባ ቆርቆሮ ገዛች፣ አፉ ላይ የእንጨት መያዣ አስመታችና ሰፈሩ ሁሉ ወደሚቀዳበት ቦኖ ወረደች። ከዚያ ወዲያ ስለ ባል ያነሳባት የለም።

ዋና ደንበኛዋ የሐጂ ኢስሃቅ ፎቅ ነበር። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሱቁ በላይ ሁለት ፎቅ ጨመረና መካከለኛውን ከጅቡቲ በባቡር ለሚመጡ ነጋዴዎች መኝታ አደረገው፤ ላይኛው ላይ ከሚስቱ ከናፊሳ ጋር ራሱ ገባበት። ቤቱ ሲሠራ በየፎቁ ቧንቧ ተዘርግቷል። የመንገዱ ውሃ ግን ጉልበት ስላልነበረው ከምድር ቤቱ አያልፍም። ላይ ያለው ቧንቧ ሲከፈት ትንሽ ተንፍሶ ዝም ይላል። ስለዚህ የእንግዶቹ መታጠቢያም፣ የናፊሳ ማብሰያም፣ ሐጂ ከሰላት በፊት የሚታጠብበት የውዱእ ውሃም በሃሊሞ ትከሻ ነበር የሚወጣው።

አንድ በጋ ሐጂ ከጅቡቲ የውሃ መሳቢያ ሞተር አስመጣ። የሚተክለው ቡልቻ ነበር፤ በባቡሩ ወርክሾፕ ቱቦ ሲያጥፍና ሲበይድ የኖረ፣ በትርፍ ጊዜው የከተማ ሥራ የሚይዝ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። የመንገዱ ቧንቧ ወደ ግቢው በሚገባበት ቦታ ሲሚንቶ አፍስሶ ሞተሩን በብሎን አሰረው። የወጣው ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ መክደኛና የግፊቱን ልክ የሚያሳይ፣ ሰዓት የመሰለ መለኪያ ገጠመለት። ሥራውን ሳይጀምር ግን ለሐጂ አንድ ነገር ነግሮት ነበር።

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ሰርባቶዮ እንሥራ። ውሃው በራሱ ጊዜ መሬት ውስጥ በተቀበረ ጋን ይጠራቀም፤ ሞተሩ ከዚያ ይሳብ። በቀጥታ ከመንገዱ ከጠባን ሰፈሩን ነው የምንጠባው።»

«አቦ ቡልቻ! ግቢዬን ልትቆፍረው ነው? አንተ ሞተሩን አስነሳልኝ፤ ሰርባቶዮው ይደረስበታል።»

ቡልቻ መፍቻውን አነሳ።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። ጩኸቱ ተሰማ፤ ውሃ ግን አልወጣም። ቡልቻ ወዲያው አጠፋውና፣ «ሆዱ ባዶ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጠጣ» አለ። ሃሊሞ በዚያ ሰዓት የናፊሳን ውሃ ተሸክማ ደረጃው ሥር ደርሳ ነበር። «አዴ ሃሊሞ፣ ያንን ስጪኝ» አላት። አወረደችለት። በፓምፑ አናት ላይ ባለው ቀዳዳ አንቆርቁሮ ክዳኑን አጠበቀና እንደገና አስነሳው። ብዙም ሳይቆይ የናፊሳ እልልታ ከላይ ተሰማ።

ሐጂ ሃሊሞን አያትና፣ «አብሽሪ፣ ለቤቱ ሥራ አይጠፋም» አላት። ምን ሥራ እንደሆነ ግን አልነገራትም። እሷም ባዶ ቆርቆሮዋን አንስታ ወጣች።

ቦኖው ከፎቁ ወረድ ብሎ፣ በዚያው ቧንቧ ላይ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ውሃው ይቀጥናል፣ እንደ ክር ይሆናል፣ ከዚያ ይቆማል። ሲጠፋ ይመለሳል። ሴቶቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ነገሩ ገብቷቸው፣ ቆርቆሯቸውን ከመደርደራቸው በፊት ጆሯቸውን ወደ ፎቁ ማድረግ ጀመሩ።

«ሂጂና ንገሪያቸው እንጂ» አለቻት ጎረቤቷ ፋዱማ። «ቤቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ብናገር ምን ይላሉ? እንጀራዋን ስለነጠቃት ሞተሩን ጠላችው ነው የሚሉት።»

«ጠልተሽው የለ?»

ሃሊሞ ቆርቆሮዋን ይዛ ዞረች። እውነቱን ለመናገር ጠልታዋለች። አፏን የያዛትም እሱ ነበር፤ የራሷን ነገር ከሰፈሩ ነገር መለየት አቃታት። በሌላ ቤት ውሃ የምታመላልሰው ጥቂት ነበር፤ የቀረውን ጊዜዋን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታሳልፋለች።

አንድ ጠዋት የፋዱማ ልጅ ወለደች። ቦኖው ደርቆ ነበር። ሴቶቹ ሕፃኑን የሚያጥቡበት አጥተው ወደ ደረቁ የዴቻቱ ወንዝ ወርደው አሸዋ ቆፈሩ፤ ሃሊሞም አብራ ቆፈረች። ደፍርሶ የወጣውን ውሃ በነጠላ አጥልለው፣ አሙቀው፣ ልጁን አጠቡት። ሃሊሞ ያን ጨርሳ፣ ቀሚሷ ላይ ያለውን አሸዋ ሳታራግፍ ወደ ፎቁ ሄደች።

ናፊሳ ለቀትሩ የዙህር ሰላት ውዱእ ልታደርግ እጅጌዋን ሰብስባ ቧንቧው ሥር ቆማ ነበር።

«እንኳን መጣሽ ሃሊሞ! አየሽ አወራረዱን?»

«አየሁት። ይሄ ውሃ ግን የኛ ነው፣ አዴ ናፊሳ።»

«የማን?»

«የሰፈሩ። ሞተሩ ሲነሳ ቦኖው ይደርቃል። ዛሬ አራስ ቤት ሕፃን የምናጥብበት አጥተን ዴቻቱ ስንቆፍር ነበር። ሥራዬ ስለቀረ አይምሰልሽ። ካላመንሽኝ አስጠፊውና ወደ መንገዱ እይ።»

ናፊሳ ወደ ታች ተጣርታ ሞተሩን አስጠፋችና ሰገነቱ ላይ ወጥታ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ቦኖው አጠገብ ቆርቆሮ ተንኳኳ፣ ሴቶች ተጯጯሁ፣ ከየበሩ ሰው ሮጠ። እንደገና ተጣርታ ሞተሩን አስነሳችው። ጫጫታው በረደና የተሰለፉት ሴቶች ፊታቸውን ወደ ፎቁ አዞሩ። ናፊሳ እጅጌዋን ወደ ታች መለሰች።

ሐጂ ለምሳ ሲወጣ፣ «በሰው ሐቅ ውዱእ አድርጌ አልሰግድም» አለችው።

«ምን ሐቅ? ውሃው በቆጣሪ ነው የሚገባው፤ ሌባ አደረግሽኝ እንዴ?»

«ቆጣሪው ሐላልና ሐራም አይለይም፣ ኢስሃቅ።»

ሐጂ ተቆጣ። ናፊሳ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቷን ቧንቧ አልነካችም። ሃሊሞን ጠርታ ውሃ ከዴቻቱ ጉድጓድ እንድታመጣላት ጠየቀቻት። መንገዱ ከቦኖው ይርቃል፣ አሸዋው እግር ይይዛል፣ ሃሊሞም እንደ ዱሮዋ አልነበረችም። ቢሆንም አመጣችላት። መካከለኛው ፎቅ ላይ ያረፉት ነጋዴዎች ሴትዮዋ ቆርቆሮ ተሸክማ ስትወጣ እያዩ፣ «ሐጂ፣ ሞተርህ ተበላሸ እንዴ?» ይሉታል። ለአንዱ አልተበላሸም ይላል፤ ለሌላው ተበላሽቷል ይላል። መስጊድ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ሲጠይቁት ግን ጫማውን አደረገና ሄደ።

በሳምንቱ ቡልቻ አካፋ ከያዙ ሰዎች ጋር ግቢው ገባ። ሰርባቶዮው ከመሬት በታች ተቆፍሮ በሲሚንቶ ተለሰነ። ከመንገዱ ውሃ የሚያስገባው ቱቦ ቀጭን ሆነ፤ ጋኑ ሲሞላ የምትነሳ ተንሳፋፊ ኳስ ትዘጋዋለች። ሞተሩ ተነቅሎ ከጋኑ ላይ ተተከለ። ቡልቻ «ብዬህ ነበር» አላለም። ቦኖው እንደ መጀመሪያው አልሆነም፤ ሰርባቶዮው በሚሞላበት ሰዓት ይዳከማል። ግን አይቆምም። ሰፈሩም ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

ሐጂ ሃሊሞን አስጠርቶ ሞተሩን እንድታስነሳና እንድታጠፋ፣ ግቢውንም እንድትጠብቅ ሥራ ሰጣት። አመስግና እምቢ አለችው።

«ለምን?»

«ተቀምጬ እሱን ስሰማ አልውልም።»

ጥቂት ወራት ከበድሪያ ጋር የሰው ልብስ አጠበች፤ አልሆነላትም። ከዚያ መልካ ጀብዱ እየወረደች ሎሚና ፓፓያ ከገበሬ ተረክባ መጋላ መሸጥ ያዘች። በዚያው ጸናች፤ በድሪያንም የዳረችው በእሱ ነው። ናፊሳ ደረጃ መውረድ ስለማትወድ ዘንቢል በገመድ ከሰገነቷ ትሰድላታለች።

«ጥሩ ጥሩውን አድርጊልኝ!» ትላለች ከላይ።

«ወርደሽ ምረጪ!» ትላታለች ሃሊሞ፣ ሎሚውን እየሞላች።